ኮከብ ያለበት ቃል፦ የ«*ኩኒንጋዝ» ሥርወ ቃልና የፍቺው ጉዳይ

የጀርማናዊ ቋንቋዎችን ሥርወ ቃል የሚያትቱ መዛግብተ ቃላት «*ኩኒንጋዝ» የሚለውን ቃል ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት አንድ ዓይነት አንቀጽ ነው። በመጀመሪያ ኮከብ፣ ቀጥሎ ቃሉ፣ ቀጥሎም «ንጉሥ» የሚል ፍቺ ይመጣል። ከዚያም ከእርሱ ተወለዱ የሚባሉት የእንግሊዝኛው ኪንግ፣ የጀርመንኛው ኬኒግ፣ የሆላንድኛው ኮኒንግና የስዊድንኛው ኩንግ በተርታ ይሰለፋሉ። በመጨረሻም ፊንላንድኛ ቃሉን ተውሶ «ኩኒንጋስ» እያለ እስከ ዛሬ እንደ ጠበቀው ይነገርና አንቀጹ ይዘጋል። አንባቢው ከዚህ የሚወስደው ግንዛቤ ግልጽ ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀርማናውያን ነገዶች ንጉሥ ነበራቸው፣ የንጉሡም መጠሪያ *ኩኒንጋዝ ነበር የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው የዚህ አንቀጽ ግማሹ ከሞላ ጎደል የተመሰከረለት፣ ግማሹ ግን ያለ በቂ ምስክር የገባ መሆኑን ነው። የቃሉን ቅርጽ የሚደግፉ ማስረጃዎች፣ ጥቂት እርማት ቢያሻቸውም፣ ጠንካሮች ናቸው። «ንጉሥ» የሚለውን ፍቺ ግን እነዚሁ ማስረጃዎች አይደግፉትም፤ እንዲያውም የሚቃወሙት ይበዛሉ። ነገሩ የሩቅ አገር ቋንቋ ጉዳይ ይምሰል እንጂ፣ በሴማውያን ቋንቋዎች ሥርወ ቃል ላይ ለሚሠሩና የማዕርግ ስሞችን ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ለሚመልሱ ባልደረቦቻችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

«ጥንተ ጀርማናዊ» የምንለው የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛ፣ የሆላንድኛ፣ የስካንዲናቪያ ቋንቋዎችና የጠፋው የጎትኛ የጋራ አባት የሆነውን፣ በጽሑፍ ያልቆየውን ቋንቋ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የመጨረሻ ምዕት ዓመታት በደቡብ ስካንዲናቪያና በሰሜን ጀርመን አካባቢ ይነገር እንደ ነበር ይገመታል። የባዕዱን ቃላት በፊደላችን ስንጽፍ ሳድሱ ያለ አናባቢ እንዲነበብ እናሳስባለን። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቃሉ ራስ ላይ የሚቀመጠው ኮከብ «ይህ ቃል በጽሑፍ አልተገኘም፤ በንጽጽር የታነጸ ነው» ማለት ነው። ልማዱን በሥርዓት ያስፋፋው ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ሽላይኸር እንደ ሆነ ይነገራል። ሽላይኸር በ1868 በጥንተ ሕንድ-አውሮፓዊ ቋንቋ የአንዲት በግና የፈረሶችን አጭር ተረት እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። ሄርማን ሂርት በ1939፣ ሌማንና ዝጉስታ በ1979 ያንኑ ተረት እንደየዘመናቸው ዕውቀት መልሰው ሲጽፉት ቃላቱ የሌላ ቋንቋ እስኪመስሉ ድረስ ተለወጡ፤ ታሪኩ ግን ያው ነበር። በተረት ይህ አያስገርምም፤ ታሪኩ አስቀድሞ የተሰጠ ነውና። በመዝገበ ቃላትም ተመሳሳይ ነገር መፈጸሙ ግን ሊያሳስበን ይገባል። ቅርጽ የድምፅ ሕግ ስላለው ይመረመራል፣ ሲሳሳትም ይታረማል። ፍቺ ግን የሚመረምረው ያን ያህል የጠበቀ ሕግ ስለሌለው አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ይኖራል። ኮከቡም ሁለቱን ባንድነት የሸፈነ ይመስላል።

አሁን ወደ ቃሉ ዘሮች እንለፍ። ከምዕራብ ጀርማናዊ ወገን የጥንቱ እንግሊዝኛ «ኪኒንግ» ይላል፤ የመጀመሪያው አናባቢ ከንፈር ተሞጥሙጦ የሚነገር «ኢ» ነው። የጥንቱ ሳክሶንኛና የጥንቱ ላዕላይ ጀርመንኛ «ኩኒንግ» ይላሉ። ከሰሜን ወገን የጥንቱ ኖርስ «ኮኑንግር» ይላል፤ የዛሬው የአይስላንድኛ ኮኑንጉር፣ የዴንማርክኛና የኖርዌይኛ ኮንገ የዚያው ዘሮች ናቸው። የእንግሊዝኛው ኪንግ ከኪኒንግ መካከል አንድ ቀለም ወድቆበት ያጠረ ሲሆን፣ ማጠሩ ገና በጥንቱ እንግሊዝኛ ዘመን የታየ ነው። «ኩዊን» (ንግሥት) ግን ከዚህ ቤት አይደለችም፤ «ሴት፣ ሚስት» ከሚል ከሌላ ሥር የመጣች ናት። በድምፅ መቀራረብ ብቻ ሁለቱን የሚያዛምዱ ስላሉ እግረ መንገዳችንን ጠቆምነው።

እነዚህን ቅርጾች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አንድ እንከን ወዲያው ይታያል። በእነዚህ ቋንቋዎች ታሪክ፣ በተከታዩ ቀለም «ኢ» ሲኖር የፊተኛው «ኡ» ወደ አፍ ፊት ይሳባል። በአማርኛ «ሂድ» ሲል የነበረው ለሴት ሲሆን «ሂጂ» እንደሚሆን ሁሉ፣ ይኸኛው ግን የሚስበው አናባቢውን ነው። የእንግሊዝኛው ኪኒንግ ይህን ሕግ አክብሯል። ጀርመንኛም አክብሯል፤ የጥንቱ አጻጻፍ ለውጡን ባያሳይም በመካከለኛው ዘመን «ኪኔክ» (አናባቢው እንደ እንግሊዝኛው የተሞጠሞጠ) ተብሎ ተጽፏልና። የኖርሱ ኮኑንግር ግን አልተሳበም። አባቱ *ኩኒንጋዝ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀለም የተሳበ አናባቢ ሊኖረው በተገባ ነበር። እንግዲህ የኖርሱ ቃል የሚመራን *ኩኑንጋዝ ወደሚል፣ ቅጥያው «-ኢንግ» ሳይሆን «-ኡንግ» ወደ ሆነ ቅርጽ ነው። የሁለቱ ቅጥያዎች መፈራረቅ በጀርማናዊ ቋንቋዎች በሌሎች ቃላትም ስለሚታይ ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። ሆኖም ሁለቱን ቅርጾች በአንድ ኮከብ ሥር ጠቅልሎ ሁለተኛውን ማስቀረት ከሥርዓት የወጣ ማሳጠር ነው። መዝገቡ ሁለቱንም ሊያኖር ይገባዋል።

የኖርስ ተናጋሪዎች ራሳቸው ቃሉን በሌላ መንገድ ተረድተውት ነበር። «ሪግስቱላ» በተባለው ጥንታዊ ግጥም የመሳፍንቱ ወገን የመጨረሻ ልጅ «ኮንር» ሲባል፣ «ኡንግር» (ወጣቱ) የሚለው ቅጽል ተጨምሮለት «ኮንር ኡንግር» ማለት ኮኑንግር እንዲሆን ተደርጓል። የቃል ጨዋታ እንጂ ሥርወ ቃል አይደለም። ቢሆንም ግን «ኮንር» የሚለው ቃል «የከበረ ሰው፣ ባለ ወገን» የሚል ትርጉም የነበረው እውነተኛ ቃል ስለሆነ፣ ወደ ኋላ የምንመለስበትን ነጥብ ገጣሚው ሳያስበው ጠቁሟል።

የፊንላንድኛው ኩኒንጋስ ሰፋ ያለ ቦታ ያሻዋል፤ መጻሕፍቱ ይበልጥ የሚመኩበት እርሱ ነውና። የዴንማርኩ ሊቅ ቪልሄልም ቶምሰን በ1869 ባሳተመው ጥናት፣ ፊንላንድኛና ዘመዶቹ ከጀርማናዊ ቋንቋዎች የተዋሷቸው ቃላት አንዳንድ ጊዜ ከጎትኛም የቀደመ ቅርጽ እንደ ያዙ አሳይቷል። ምሳሌዎቹ የሚያስደንቁ ናቸው። «ቀለበት» በፊንላንድኛ «ሬንጋስ» ነው። የጥንቱ ጀርማናዊ ቃል *ህሬንጋዝ ተብሎ የሚታነጸው ነው፤ በጀርማናዊዎቹ ቋንቋዎች በሙሉ «ኤ» በዚህ ቦታ «ኢ» ሆኗል፣ የመጨረሻው ቀለምም ወድቋል፤ ፊንላንድኛ ግን ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል። «ቆንጆ» የሚለው «ካውኒስ» ከ*ስካውኒዝ የመጣ ነው። «ልዑል፣ መስፍን» የሚለው «ሩህቲናስ» ከ*ድሩህቲናዝ፣ ማለት «የጭፍራ አለቃ፣ ጌታ» ከሚለው የመጣ ነው። ቋንቋው በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ አይወድምና የመጀመሪያውን ጥሏል እንጂ የቀረውን እንደ ጨው ድንጋይ አድርቆ አስቀምጦታል።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ፣ ከኩኒንጋስ የሚወጣው መደምደሚያ ግን ከሚነገረው ያነሰ ነው። በዴንማርክ ጋሌሁስ በተባለ ቦታ በ1734 የተገኘው የወርቅ ቀንድ በሩን ፊደል የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ቀንዱ በ1802 ተሰርቆ ቀልጧል፤ ጽሑፉ ግን አስቀድሞ ተገልብጦ ስለ ነበር ተርፎልናል። ዘመኑ 400 ዓመተ ምሕረት ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። በዚያ ጽሑፍ «ሆልቲያዝ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ያ «-አዝ» የሚባለው መድረሻ ገና ሳይወድቅ በሕይወት አለ ማለት ነው። እንግዲህ ፊንላንዳውያን ቃሉን የተዋሱት ከጥንተ ጀርማናዊ ተናጋሪዎች መሆኑ ግድ አይደለም፤ በአራተኛውና በአምስተኛው ምዕት ዓመት ከባሕር ማዶ ጎረቤቶቻቸው ወስደውት ቢሆንም መድረሻው ያው በሆነ ነበር። ሬንጋስ አናባቢው ራሱ ጥንታዊነቱን ይመሰክራል፤ ኩኒንጋስ ግን እንዲህ ያለ የዘመን ማኅተም የለበትም። ከዚህም በላይ የፊንላንድኛው ቃል «-ኢንግ» እንጂ «-ኡንግ» የለውም፤ ስለዚህ ከኮኑንግር ቀጥተኛ አባት የተወሰደ አይመስልም። ምስክሩ መልካም ምስክር ነው፤ ያላየውን ግን ልናስመሰክረው አይገባም።

የሊቱዌንያኛው «ኩኒጋስ» ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በመድረሻው ምክንያት ከፊንላንድኛው ጎን እንደ ሁለተኛ ምስክር ይቆማል። ይህ ስሕተት ነው። ሊቱዌንያኛ ለማንኛውም ተባዕታይ ተውሶ ቃል የራሱን «-አስ» ይቀጥላል፤ ትናንት የገባ ቃል ቢሆንም እንኳ። መድረሻው የተዋሹ ቋንቋ ንብረት ነው።

ሁሉንም የሚበልጠው ጥያቄ ግን የጎትኛ ዝምታ ነው። ጎትኛ የምሥራቅ ጀርማናዊ ብቸኛው ሰፊ ምስክር ሲሆን፣ በአራተኛው ምዕት ዓመት ኤጲስ ቆጶስ ውልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደዚህ ቋንቋ መልሷል። በተረፈው ጽሑፍ ለ*ኩኒንጋዝ የሚዛመድ የማዕርግ ስም አንድም ጊዜ አይገኝም። ምናልባት አጋጣሚ ነው የሚል ካለ፣ አጋጣሚው እጅግ ብዙ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ፊሎስቶርጊዮስ እንደ ነገረን ውልፊላ መጻሕፍተ ነገሥትን ሆን ብሎ ትቷቸዋል፤ ጎቶች ጦርነት ወዳዶች ስለ ሆኑ ልጓም እንጂ መቀስቀሻ አያሻቸውም ብሎ። በወንጌላት ግን ንጉሥ የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል፤ የአይሁድ ንጉሥ አለ፣ ንጉሡ ሄሮድስም አለ። በእነዚህ ቦታዎች ጎትኛው የሚያኖረው «ቲዩዳንስ» የሚለውን ነው (የመጀመሪያው ድምፅ እንደ ዐረብኛው ሣእ ምላስ በጥርስ መካከል ገብቶ የሚነገር ነው)። ለአለቃ «ሪክስ»፣ ለአገረ ገዥ «ኪንዲንስ» ይላል። «ኩኒ» የሚለውን ማለት «ወገን፣ ዘር» የሚለውን ቃል በሚገባ ያውቀዋል፤ ከእርሱ የወጣውን ማዕርግ ግን አይጠቀምበትም።

ቲዩዳንስ የሚለው «ቲዩዳ» (ሕዝብ) ከሚለው ወጥቶ «የሕዝቡ ራስ» ማለት ነው። ኤሚል ቤንቬኒስት በ1969 ባሳተመው የሕንድ-አውሮፓውያን ተቋማት ቃላት ጥናቱ እንዳብራራው፣ ይህ ዓይነት አመሠራረት የአንድን ማኅበር አለቃ ከማኅበሩ ስም የሚያወጣ ነው። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛም «ቴዮደን»፣ በኖርስም «ትዮዳን» ሆኖ ይገኛል። ማለትም በሦስቱም የጀርማናዊ ክንፎች አለ። እንግዲህ በንጽጽር ሥርዓት ብንሄድ «ንጉሥ» የሚለውን ፍቺ ይዞ ወደ ጥንተ ጀርማናዊ ለመግባት ይበልጥ መብት ያለው ይህ ቃል ነው፤ ሁለት ክንፍ ብቻ ያለው ኩኒንጋዝ አይደለም። የስላቮች ቃል ከጎትኛ የተወሰደ ነው፣ ስለዚህ ጎትኛም ያውቀው ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ከምዕራብ ጀርማናዊ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ያልተቋጨ ስለሆነ የጎትኛን ቦታ በእርሱ መሙላት አይቻልም። በእኛ አስተያየት በሰሜንና በምዕራብ ወገን የተወሰነ ኮከብ ለዚህ ቃል ይበቃዋል።

ወደ ፍቺው ስንመጣ ጎረቤቶቹ ሌላ ታሪክ ይነግሩናል። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ «ክኔንድዝ» ይላል፤ በቅጥያው መጨረሻ የነበረው «ግ» ከፊተኛ አናባቢ ቀጥሎ ስለ መጣ ለስልሶ «ድዝ» ሆኗል፤ ይህም ተውሶው እጅግ ቀደምት መሆኑን ያሳያል። የሩሲያኛው «ክንያዝ» ልጁ ነው። የእነዚህ ቃላት ፍቺ «መስፍን፣ የአንድ አውራጃ ገዥ» ነው። በፖላንድኛ «ክሾንዤ» መስፍን፣ «ክሾንድዝ» ግን ቄስ ነው። በቼክኛ «ክኚዤ» መስፍን፣ «ክኜዝ» ቄስ ነው። የሊቱዌንያኛው ኩኒጋስም ዛሬ ቄስ ማለት ሲሆን ቀድሞ ጌታ ማለት ነበር፤ ከእርሱ የወጣው «ኩኒጋይክሽቲስ» መስፍን ነው። የላትቪያኛው «ኩንግስ» ጌታ፣ አቶ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ንጉሥ የሚል የለም።

መስፍን ቄስ መሆኑ ለአንባቢያችን እንግዳ ሊመስል አይገባም። «ጌታ» በቤተ መንግሥት ያለው ቦታ የታወቀ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን መሪጌታ፣ ቀኝ ጌታ፣ ግራ ጌታ የሚባሉት የማኅሌቱ ባለ ሥልጣኖች ናቸው። የአክብሮት ስም ከዓለማዊው አለቃ ወደ መንፈሳዊው መሸጋገሩ የተለመደ መንገድ ነው። መዛግብቱ ይህን «የፍቺ መውረድ» ብለው ማለፋቸው ግን አያረካም። ወረደ ለማለት አስቀድሞ ከፍ ብሎ እንደ ነበር መረጋገጥ አለበት፤ መረጋገጥ ያለበት ነገር እንደ ማስረጃ መቅረቡ ክርክሩን በራሱ ጅራት ላይ ያዞረዋል።

ተገላቢጦሹ የበለጠ ያሳምናል። ቃሉ ወደ ጎረቤቶቹ በተሻገረበት ዘመን ኩኒንግ የሚባለው ሰው የአንድ ወገን ወይም የአንድ አነስተኛ አገር አለቃ ነበር እንበል። በኋላ የፍራንኮች፣ የአንግሎ ሳክሶኖችና የስካንዲናቪያ ግዛቶች ሲሰፉ ማዕርጉ ከባለቤቱ ጋር ከፍ አለ፤ ተውሶ የሄደው ቃል ግን በነበረበት ቦታ ቆየ። ስላቮች እውነተኛ ታላቅ ንጉሥ በምዕራብ ሲያዩ ክኔንድዝ የሚለው አልበቃቸውም። በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ባለው አስተያየት የቻርለማኝን ስም፣ ማለት «ካርል» የሚለውን፣ ወስደው «ኮሮል»፣ «ክሩል»፣ «ክራል» ሲሉ ንጉሥን ሰየሙ። ቃላቸው ቀድሞውኑ ንጉሥ ማለት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር።

በኖርስም ውስጥ ዱካው አለ። አውራጃ ብቻ የሚገዛው «ፊልኪስኮኑንግር»፣ ትንሹ ንጉሥ «ስማኮኑንግር»፣ ምድር የሌለው የመርከብ ጭፍራ አለቃ «ሳይኮኑንግር» ይባላል። ምድር የሌለው ንጉሥ ሊኖር የሚችለው ቃሉ በመሠረቱ ከግዛት ይልቅ ከሰውየው ዘርና ከተከታዮቹ ጋር የተያያዘ ከሆነ ነው። ፊንላንድኛ ብቻውን «ንጉሥ» የሚለውን ፍቺ መያዙን የሚያነሣ ይኖራል። ፊንላንድ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እስከ 1809 ድረስ በስዊድን ነገሥታት ሥር ስለ ነበረች፣ የቃሉ ፍቺ ከስዊድንኛው ኮኑንግ ጋር እኩል እየሄደ መታደሱ የሚጠበቅ ነው። በቅርጹ ጥንታዊ የሆነ ቃል በፍቺው አዲስ ሊሆን ይችላል።

የቃሉ አመሠራረት ራሱ ወደዚያው ያመራል። ሥሩ *ኩንያ፣ «ወገን፣ ዘር» ነው። የእንግሊዝኛው «ኪን» ይኸው ነው። ከላቲኑ «ጌኑስ» እና ከግሪኩ «ጌኖስ» ጋር አንድ ነው፤ የሕንድ-አውሮፓዊው «ግ» በጀርማናዊ «ክ» መሆኑ የታወቀ ሕግ ነው፣ መላው ሥር «መውለድ» ማለት ነው። ቅጥያው «-ኢንግ» የአባትን ስም ወይም የወገንን ስም ተከትሎ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወገን» ያሰኛል፤ የካርል ዘሮች ካሮሊንግ መባላቸው የዚሁ ምሳሌ ነው። እንግዲህ ኩኒንግ በቀጥታ ሲተረጎም «የወገን ልጅ» ነው። ወገን የሌለው ሰው የለምና ምን ማለት ነው የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሱ በራሳችን ቋንቋ አለ። «የጨዋ ልጅ»፣ «ባለ ዘር» ስንል ማንም ሰው ማለታችን አይደለም። ዘር ሁሉ ቢኖረውም ዘሩ የሚቆጠርለት ጥቂቱ ነው።

ሮማዊው ታኪቱስ በ98 ስለ ጀርማናውያን በጻፈው መጽሐፍ ነገሥታቸውን በትውልድ ክብር፣ የጦር አለቆቻቸውን በጀግንነት እንደሚመርጡ ይናገራል። ይህን ቃል ከኩኒንግ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው፤ ይስማማልም። ነገር ግን ታኪቱስ የጻፈው በላቲን «ሬክስ» ብሎ ነው፤ በጀርማናዊው ምን እንደሚባል አልነገረንም። የትርጉም ቃል የተተረጎመውን ቃል ማንነት አያረጋግጥም። የጎቶች መሪ የነበረው አታናሪክን በአራተኛው ምዕት ዓመት ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ «ዳኛ» ብሎ እንደሚጠራው እናስታውስ። ለእኛ ይህ ሩቅ አይደለም፤ መጽሐፈ መሳፍንት የፈራጆች መጽሐፍ ሲሆን መስፍን ግን ገዥ ነው።

እዚህ ላይ ከራሳችን ቋንቋ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፣ ጠንካራም ነው። «ንጉሥ» በአማርኛ የግድ የመጨረሻው ማዕርግ አይደለም። ከበላዩ ንጉሠ ነገሥት አለ። ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆነው ሲሾሙ ከበላያቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎ ንጉሥ ተብለዋል፤ ተፈሪም ንጉሠ ነገሥት ከመሆናቸው በፊት በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ነበሩ። እንግዲህ የአውራጃ ገዥውን ኮኑንግር «ንጉሥ» ብንለው ምን ጎደለ? የጎደለው ይህ ነው፦ የጎጃም ንጉሥ ማዕርጉን የሚቀበለው ከላይ፣ ዘውድ በሚያቀዳጅ ንጉሠ ነገሥት እጅ ነው። ኩኒንግ ግን ስሙን ያገኘው ከታች፣ ከወገኑ ነው። የሥልጣኑ መጠን ቢቀራረብም የሥልጣኑ ምንጭ ይለያያል፤ ሥርወ ቃል ደግሞ የሚናገረው ስለ ምንጩ ነው። ለዘሮቹ ቃላት፣ ለኪንግም ለኬኒግም፣ «ንጉሥ» ትክክለኛ ትርጉም ነው። ኮከብ ላለበት ቃል ግን አይደለም።

ለተርጓሚ የሚተርፈው ተግባራዊ ነጥብም አለ። ክንያዝና ኪንግ ከአንድ ሥር ናቸው ብሎ የኪየቭን ገዥዎች «ንጉሥ» የሚል ተርጓሚ ሥርወ ቃልን በፍቺ ቦታ ተክቷል። ለኪየቭ ዘመን ክንያዝ «መስፍን» ይስማማዋል፤ አገር የሚገዛ፣ ጭፍራ ያለው፣ የሚፈርድ ነውና። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ልቦለድ ውስጥ ያለው ክንያዝ ግን ግዛት የሌለው፣ ማዕርጉን በውርስ ብቻ የያዘ መኳንንት ስለሆነ «ልዑል» ቢባል ይሻላል፤ በንግግር ውስጥም ያለ ችግር ይገባል። አንድን ቃል በሁለት ቃል መመለስ ወጥነት ማጣት የሚመስላቸው አሉ። ወጥነት የሚጠበቀው ለነገሩ እንጂ ለድምፁ አይደለም።

የሴማውያን ቋንቋዎች ጥናትም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። «ም-ል-ክ» የሚለው ሥር በዕብራይስጥ «ሜሌክ»፣ በዐረብኛ «መሊክ» ሆኖ ንጉሥ ማለት ነው። በአካድኛ ግን ዋናው የንጉሥ ስም «ሸሩ» ሲሆን «መልኩ» ገዥ ወይም መስፍን ነው። የሸሩ ዘመድ የሆነው የዕብራይስጡ «ሣር» ደግሞ ሹም፣ አለቃ ነው እንጂ ንጉሥ አይደለም። ማዕርጎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። በግእዝ «መለከ» ገዛ፣ የራሱ አደረገ ማለት ሲሆን፣ በቅርጹ የብዙ ቁጥር የሆነው «አምላክ» እግዚአብሔርን ይሰይማል፤ ለምድራዊው ንጉሥ የቀረው «ነግሠ» ነው። የነግሠ ዘመድ የሚባለው የዕብራይስጡ «ናጋሥ» በግድ ማሠራት፣ ማስጨነቅ ነው፤ በኦሪት ዘፀአት እስራኤልን በግብፅ የሚያስጨንቁት አሠሪዎች የሚጠሩት በዚህ ሥር ነው። የሠው ንጉሥ ከዕብራይስጡ «ሥ» ጋር በሥርዓት ይገጥማል፤ ቅርጹ አያጠራጥርም። ፍቺው ግን ከንጉሥ ወደ አስጨናቂ ወረደ እንበል ወይስ ከአስገዳጅ ወደ ንጉሥ ወጣ? *መልክ «ንጉሥ» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ጥያቄውን ሳይጠይቅ መልሶታል።

ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው የግእዙን ቃል ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስጡና ከዐረቡ ጋር ያጎራብታሉ እንጂ ኮከብ አያስቀምጡም። ቮልፍ ሌስላውም በ1987 ባሳተመው የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ዘመዳሞቹን ቃላት ከነየፍቺያቸው ዘርዝሮ ይተዋል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። እኛ ግን ፍቺን በተመለከተ ከኮከብ ይልቅ ይህ ቁጥብነት ይሻላል እንላለን፤ አንባቢው ማስረጃውን ሳይሸፈንበት ያገኘዋልና። ኮከብ ይቅር ማለታችን አይደለም። ቅርጽን በኮከብ ማነጽ የንጽጽር ጥናት አከርካሪ ነው። የሚያስፈልገው በኮከቡ ሥር ሁለት መስመር መክፈት፣ አንዱን ለቅርጹ ማስረጃ፣ ሌላውን ለፍቺው ማስረጃ መስጠት ነው።

የያዝነውን ቃል በዚህ ሥርዓት ብናዘጋጀው አንቀጹ እንዲህ ይነበባል፦ *ኩኒንጋዝ፣ ደግሞም *ኩኑንጋዝ፣ ተባዕታይ ስም፤ ሰሜንና ምዕራብ ጀርማናዊ፣ በጎትኛ ያልተገኘ። ቅርጽ፦ በእንግሊዝኛ፣ በሳክሶንኛና በጀርመንኛ «-ኢንግ»፣ በኖርስ «-ኡንግ»፤ በስላቭኛና በፊንላንድኛ ተውሶዎች «-ኢንግ»፤ መድረሻው በፊንላንድኛ የተመሰከረ። ፍቺ፦ «የወገን ልጅ»፣ ከ*ኩንያ፤ የማዕርጉ ደረጃ በስላቭኛ መስፍን፣ በባልቲክ ቋንቋዎች ጌታ፣ በኖርስ ከጭፍራ አለቃ እስከ ንጉሥ፤ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ንጉሥ።